በሰልፍ ማለፍና በዳኛ ፊት መቆም
(በተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነግራችሁ በአሜሪካ አገር፣ በኦሪገን ግዛት፣ ፔንድልተን በምትባል ትንሽ ከተማ በየዓመቱ ስለሚደረገው የፈረሰኞች ሰልፍ ነው። ፈረስ ከሚወድ ሕዝብ የተወለድን ስለሆንን ነገሩ በራሱ ደስ ያሰኘናል፤ ዳሩ ግን ያነሣነው ለመዝናኛ ብቻ አይደለም። ሰውን በሰልፍ ላይ እንዲታይ መጋበዝና ለሰው እኩል ዳኝነት መስጠት አንድ ነገር ነውን? ብለን ለመጠየቅ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ፔንድልተን 17,000 ያህል ሕዝብ ያላት፣ ስንዴ አብቃይና ከብት አርቢ አገር የከበባት ከተማ ናት። ከ1910 ጀምሮ በሴፕቴምበር ወር «ራውንድ አፕ» የተባለውን የሮዴዮ በዓል ታከብራለች። ስሙ በመስክ ተበትኖ የከረመውን ከብት መሰብሰብ ማለት ነው። በዓሉ በዓለም ጦርነት ምክንያት በ1942 እና በ1943፣ በኮሮና ወረርሽኝም ምክንያት በ2020 ታጉሎ ነበር።

ሮዴዮ ከከብት ጠባቂዎች የዕለት ሥራ የወጣ ውድድር ነው። ጋላቢው በሚፈራገጥ ፈረስ ላይ ሳይወድቅ ይቆያል፤ ሌላው ጥጃ በገመድ ይይዛል፤ ሌላውም ወይፈን ቀንዱን ይዞ ይጥላል። እንደ ጉግስ ፈረሰኛ ከፈረሰኛ ጋር አይገጥምም፤ ሰውየው የሚገጥመው ከእንስሳው ጋር ነው። በግልቢያው ግን ነጥቡን የሚሰጡት ዳኞች ናቸው። ይህን ነገር ልብ በሉልን።

ታላቁ ሰልፍ የሚወጣው በበዓሉ ሳምንት ዓርብ ነው። ሞተር ያለው ነገር በዚህ ሰልፍ ውስጥ አይገባም። በበሬ፣ በበቅሎና በፈረስ የሚሳቡ ሠረገላዎች፣ ካውቦዮች፣ የበዓሉ ንግሥትና አጃቢዎቿ ተራ በተራ ያልፋሉ። የበዓሉን ሥራ በአብዛኛው የሚሸከሙት ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ የአገሩ ሰዎች ናቸው።

ከሰልፈኞቹ መካከል ዓይን የሚስቡት የካዩስ፣ የዩማቲላና የዋላ ዋላ ነገዶች ናቸው። በዶቃ የተጌጠ የቆዳ ልብስ ለብሰው፣ ፈረሶቻቸውን አስጊጠው፣ ሽማግሌና ሕፃን ሳይለዩ አብረው ያልፋሉ። በበዓሉ ሜዳ አጠገብም 300 ያህል ድንኳን ተክለው ይሰነብታሉ። እነዚህ ነገዶች በ1855 በተፈረመው ውል 6.4 ሚሊዮን ኤከር መሬት ለአሜሪካ መንግሥት ለቀዋል። በዓሉ ሲጀመር ከመጀመሪያው ዓመት አንሥተው ገብተውበታል። በዚያ ዘመን መንግሥቱ የነገዶቹን ጭፈራና ሥርዓት በደንብ ከልክሎ ስለነበር፣ ባህላቸውን በአደባባይ ለማሳየት የሚፈቀድላቸው ቦታ ጥቂት ነበር። ስለዚህ እነርሱን የሌላው ሰው በዓል ጌጥ ብቻ አድርጎ መቁጠር ስሕተት ይሆናል፤ የመጡት የራሳቸውን ነገር ይዘው ነው።

አሁን ከሰልፉ ወደ ውድድሩ ሜዳ እንግባ። በ1911 በፈረስ ግልቢያ ለመጨረሻው ዙር ሦስት ሰዎች ደረሱ። አንደኛው ጆን ስፔን የተባለ ነጭ፣ ሁለተኛው ጆርጅ ፍሌቸር የተባለ ጥቁር፣ ሦስተኛው ጃክሰን ሰንዳውን የተባለ የኔዝ ፐርስ ነገድ ተወላጅ ነበሩ። ዳኞቹ ለስፔን ፈረዱ። ብዙው ተመልካች ግን ያሸነፈው ፍሌቸር ነው ብሎ ጮኸ። በዚህ ጊዜ የአውራጃው ሸሪፍ ቲል ቴይለር የፍሌቸርን ባርኔጣ ወስዶ ቈራረጠውና ቁራጩን ለሕዝቡ ሸጠ፤ ገንዘቡም ለፍሌቸር ተሰጠ።

ይህ ደግ ሥራ ነው፤ እናመሰግነዋለን። ነገር ግን ባርኔጣው ተሸጦ ሲያልቅ ፍርዱ እንደ ነበረ ቀረ። ሕዝቡ ገንዘብ ሊያዋጣለት ቻለ፤ ማዕርጉን ግን ሊሰጠው አልቻለም። ሰንዳውን በ1916፣ ዕድሜው 53 ሆኖ፣ በዚያው ሜዳ አሸንፎ ማዕርጉን በእጁ አገባ። ፍሌቸር ግን በበዓሉ የክብር መዝገብ የገባው በ1969 ነው፤ 58 ዓመት ካለፈ በኋላ ማለት ነው። ዛሬ የነሐስ ምስሉ በከተማው ዋና መንገድ ላይ ቆሟል።

የሴቶቹም ነገር እንዲሁ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሴቶች በሚፈራገጥ ፈረስ ይወዳደሩ ነበር። በ1929 ቦኒ ማካሮል የተባለች የታወቀች ጋላቢ ፈረሱ ወደቀባትና በደረሰባት ጉዳት ከጥቂት ቀን በኋላ ሞተች። እርካቦቿ በፈረሱ ሆድ ሥር እርስ በርሳቸው ታስረው ነበር፤ ይህም ሴቶችን ይረዳል ተብሎ የተደረገ ነበር። ከዚያ በኋላ ፔንድልተን ይህን የሴቶች ውድድር አስቀረች። ወንዶችም በሮዴዮ ይሞታሉ፤ በዚህ ምክንያት ግን የወንዶቹ ግልቢያ አልተከለከለም። ሴቶቹ በሰልፉ ላይ በንግሥትነት ማለፋቸው ሲቀጥል፣ ያ ሜዳ ተዘጋባቸው።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ይህን ስንናገር ሩቅ አገር ያለችን አንዲት ትንሽ ከተማ ለመንቀፍ አይደለም። ሰልፏ ያማረ ነው፤ ታሪኳንም አልቀበረችም። እኛም በበዓላችን ቀን ሰልፍ እንወጣለን፤ ከየአገሩና ከየቋንቋው የመጣውን፣ ወንዱንም ሴቱንም፣ በየልብሱ እናሰልፋለን። ነገር ግን ለውድድሩ ዳኛ ሲመረጥ፣ የኅብረቱ ሹመት ሲታደል፣ ያ ሁሉ ሰው ከወንበሩ አጠገብ ይገኛልን? ፍርድ ሲጓደልስ ባርኔጣ ቈርጠን እንሸጣለን ወይስ ፍርዱ እንደገና እንዲታይ እንጠይቃለን? የሚመጣው በዓል አዘጋጅ ኮሚቴ ሲመረጥ ይህን ጥያቄ እንድታነሡ አደራ እንላለን።