ወላጆቻችንን ከመንዝ ወደ ስቶክሆልም ስናመጣ

ውድ የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ልጆች፣ የዛሬው ጉዳያችን ወላጆቻችንን ለጥየቃ ወደ ስዊድን፣ ወደ ኖርዌይና ወደ ዴንማርክ ማምጣት ነው። ብዙዎቻችን ነገሩን ትኬት ከማፈላለግ እንጀምረዋለን። እኔ ግን ከወዲያኛው ጫፍ፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከራቤል፣ ከዓለም ከተማ እንጀምር እላለሁ። ከቦሌ እስከ ስቶክሆልሙ አርላንዳ በአየር ስምንት ሰዓት ገደማ ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ሳያስቀይር ያደርሳቸዋል። የሚከብደው ቦሌ እስኪደርሱ ያለው ነው።

መጀመሪያ ጊዜውን እንምረጥ። እኛ የሚመቸን የበጋው ዕረፍታችን፣ ሰኔና ሐምሌ ነው። መንዝ ግን ያን ጊዜ የበልግ ገብስ የሚታጨድበት፣ ክረምቱም የሚገባበት ነው። አባታችን አዝመራውን ጥለው ቢመጡ ልባቸው እዚያው ይቀራል። ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ ለመርሐቤቴ ጤፍና ማሽላ የሚሰበሰብበት ሲሆን፣ እዚህ በታኅሣሥ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። ልጆቿ ሥራ ውለው እስኪመለሱ አንዲት እናት ቋንቋ በማታውቅበት ፎቅ ላይ ብቻዋን በጨለማ ስትቀመጥ አስቡት። ብርዱን አይፈሩትም፤ በርኖስና ባና ያሳደጋቸው ናቸው። የሚጎዳቸው ጨለማውና ብቸኝነቱ ነው። ስለዚህ የኔ ምክር ፋሲካን በአገራቸው፣ ከጎረቤት ጋር ፈስከው፣ ግንቦት እንደ ገባ ይምጡ ነው። የበልጉ አጨዳ አልደረሰም፤ እዚህም ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ነው።

ለግንቦት ለመድረስ ሥራው ከጥቅምትና ከኅዳር ይጀመር። የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር አስቀድሞ ማስገባት ይቻላል። ቀድሞ መልስ የሚጠበቀው በ15 ቀን ነበር። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ግን የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት፣ ኢትዮጵያ ከአውሮፓ የሚመለሱ ዜጎቿን በመቀበል በበቂ አልተባበረችም ብሎ፣ ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች መደበኛውን ጊዜ ወደ 45 ቀን አሳደገው። ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም አቆመ፤ የሰነድ ማቅለያዎችንም አነሣ። በመንግሥታት መካከል ያለው ጉዳይ የሰባ ዓመት እናት ላይ ሲወድቅ ማየት ያማል። ቢሆንም ቀን ስንቆጥር በ15 ሳይሆን በ45 እንቁጠር።

ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው። የጉዞ ጤና ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። ፓስፖርቱ ደግሞ ከሸንገን ከሚወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግልና ሁለት ባዶ ገጽ ያለው ይሁን። ወንድም ኦስሎ፣ እኅት ስቶክሆልም ከሆኑ ማመልከቻው የሚገባው ወላጅ ረዘም ላለ ጊዜ ለሚቆዩበት አገር ነው። ቪዛው ሳይሰጥ ትኬት ከፍላችሁ አትግዙ፤ ለማመልከቻው የተያዘ ቦታ ማሳየት ይበቃል።

ብዙ ማመልከቻ የሚሰናከለው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ስም ነው። የእኛ እናቶች ስም ከእኛ የፓስፖርት ስም ጋር በምንም አይገናኝም፤ እዚህ ያለው መርማሪ ግን ቤተሰብ በአንድ ስም ሲጠራ የለመደ ነው። በዚያ ላይ ወልደና ገብረ ያለባቸው ስሞች አንዱ ወረቀት ላይ ተለያይተው፣ ሌላው ላይ ተጣብቀው በላቲን ፊደል ይጻፋሉ። ስለዚህ የእናንተ የልደት ምስክር ወረቀት የእናትና የአባትን ስም ፓስፖርታቸው ላይ ባለው አጻጻፍ፣ ፊደል በፊደል ይያዝ። አገር አቀፉ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በነሐሴ 2008 ዓ.ም. ስለሆነ አብዛኞቻችን ስንወለድ የተጻፈ ነገር የለም፤ አሁን ማውጣት ግድ ነው። የልደት ቀን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲለወጥም በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን ራሳችሁ ቁጠሩት።

ሁለተኛው «ይመለሳሉ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ገበሬ የደመወዝ ወረቀት የለውም። ያለው መሬት፣ ከብት፣ በግ፣ ቤትና ትዳር ነው። የመሬት ይዞታ ደብተሩን ቅጂ፣ የቀበሌውን ደብዳቤ፣ አገር ቤት የሚቀሩትን ልጆችና የትዳር ጓደኛ የሚያሳይ ማስረጃ አስተርጉማችሁ አያይዙ። እናንተም በግብዣ ደብዳቤያችሁ ላይ አባታችሁ የበልጉን ገብስ ለማጨድ ሰኔ ላይ እንደሚመለሱ በግልጽ ጻፉት። እውነት ነው፣ ያሳምናልም። ለአንድ ሳምንት ብድር ገንዘብ አስገብቶ በወላጅ ስም የባንክ ሒሳብ ማሳየትን ግን እባካችሁ ተዉት። ቢታወቅ የሚጠፋው የዚህ ዓመት ጉዞ ብቻ አይደለም፤ የሚቀጥለው ማመልከቻም ይበላሻል። ወጪውን የምትችሉት እናንተ ከሆናችሁ የእናንተን ደመወዝና የእናንተን ቤት አሳዩ።

አሻራ ለመስጠት ወላጅ በአካል አዲስ አበባ መምጣት አለባቸው። በእርፍና በማጭድ ያረጀ ጣት አሻራው ቶሎ አይነበብም፤ ደጋግመው ቢያስነኳቸው እንዳይደነግጡ ቀድማችሁ ንገሯቸው። መንዝና ግሼ ያሉት በጣርማ በር በኩል ወደ ደብረ ብርሃን፣ መርሐቤቴ ያሉት ጀማን ተሻግረው በለሚና በሙከጡሪ ይወጣሉ። ከ2015 ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ጦርነት መንገድም ስልክም በድንገት እንደሚዘጋ ሁላችንም በሐዘን እናውቃለን። ቀጠሮው ሐሙስ ነውና ረቡዕ ይነሡ አይባልም። ከሁለት ሳምንት በፊት አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ይረፉ፤ ለበረራውም እንዲሁ። የቆይታና የቀለብ ወጪውን ከትኬቱ ጋር አብራችሁ አስቡት።

ትኬት ስትገዙ ትንሽ ቢወደድም ሳይቀይሩ የሚደርሱበትን ምረጡ። በፍራንክፈርት የሚመጣ ሰው የሸንገን ድንበር ጥያቄ የሚጠየቀው እዚያው ፍራንክፈርት ነው፣ አማርኛ በሌለበት። አርላንዳ ከሆነ ግን ልጃቸው በር ላይ ቆሟል፤ ስልክ ቢደወል ይመልሳል። ዊልቸር ትኬቱ ሲቆረጥ፣ ቢዘገይ ከ48 ሰዓት በፊት ጠይቁ፤ ክፍያ የለውም። መራመድ የሚችሉም ይጠቀሙበት፤ የሚገፋቸው ሠራተኛ መንገድ ያሳያቸዋልና።

የበረራውን ሰዓት ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ጻፉላቸው። ብዙ የአውሮፓ በረራ ከቦሌ የሚነሣው እኩለ ሌሊት ገደማ ነው። ትኬቱ «ሜይ 12፣ 00፡30» ካለ፣ ለእናታችን ግንቦት 3 ቀን ማታ ቦሌ ይገኛሉ፣ በረራው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተኩል ነው ማለት ነው። ግንቦት 4 ማታ የደረሰ ሰው አምልጦታል። የትኬቱ ወር የፈረንጅ ወር መሆኑን አትርሱ።

ከፍታውን ለሚፈሩ አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። በአውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር በግምት እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር ይመሳሰላል። መሐል ሜዳ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከመሐል ሜዳ ለሚመጡት አየሩ ከቤታቸው አየር አይከፋም። ይልቅ እግራቸው እንዳያብጥ በየሰዓቱ ይነሡ፤ የደም ግፊት መድኃኒታቸውም ከነካርቶኑና ከነማዘዣው በእጅ ቦርሳ ይሁን።

ሻንጣ ላይ እናቶችን የሚያሳዝን ወሬ አለኝ። ቅቤ፣ አይብ፣ ቋንጣ አይገባም፤ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ከአውሮፓ ውጭ ካለ አገር በመንገደኛ ሻንጣ ማስገባት ክልክል ነው። ተነጥቆ ሲጣል ከማየት ቀድሞ መንገር ይሻላል። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ የተቆላ ቡና ይምጣ። ጠበል በትልቅ ጠርሙስ ከሆነ በእጅ ቦርሳ ስለማያልፍ በደንብ ታሽጎ በሚጫነው ሻንጣ ይግባ።

የመቆያው ገደብ በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ነው፤ የገቡበትም የሚወጡበትም ቀን ይቆጠራል። ቪዛው ላይ ያነሰ ቀን ከተጻፈ ደግሞ የሚሠራው እሱ ነው። ከጥቅምት 2 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ መዋል በጀመረው አዲስ ሥርዓት መግቢያና መውጫ በማኅተም ፈንታ በአሻራና በፎቶ ስለሚመዘገብ፣ የአንድ ቀን መዘግየትም ወዲያው ይታያል። የመመለሻ ትኬታቸውን በ90ኛው ቀን አትያዙት፤ ቢያንስ አንድ ሳምንት አስቀድሙ። አሁን ወረቀት ይዛችሁ የመጣችሁ ወደ ፊት ቅረቡ፤ ስሞቹን ፊደል በፊደል አብረን እናስተያይ።