ስለ ራት ምሽታችን ተማሪዎች

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የተደረገ ንግግር)



ሥራ አመራሩ በገቢ ማሰባሰቢያው የራት ምሽት ስላገዙን ተማሪዎች ጥቂት እንድናገር ጠይቆኛል። “ልጆቻችንን እናመሰግናለን” ብዬ ብወርድ ጭብጨባው እንደማይቀር አውቃለሁ። ግን አስተባባሪያቸው እኔ ነበርኩና ከምስጋናው በፊት የማወራርደው የራሴ ሒሳብ አለ።

አምና 14 ተማሪዎች መጡልን። አስቀድሜ ምን ነገርኳቸው? ጥቁር ሱሪ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ እንግዳ ከመግባቱ አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ድረሱ። በቃ። ካፖርት ተቀበሉ፣ ውሃ አደሉ፣ የሎተሪ ቲኬት ሸጡ፣ ሲያልቅ ወንበር ሰበሰቡ። በመካከሉ አብራኝ የምትሠራ አሜሪካዊት ነርስ መግቢያው ላይ የነበረውን የ16 ዓመት ልጅ “ገንዘቡ ለምንድን ነው?” ብላ ጠየቀችው። ልጁ ዞር ብሎ አየኝና “ለኢትዮጵያ መሰለኝ” አላት። እሷ ፈገግ ብላ ቼኳን ጻፈች። እኔ ግን ያን ቀን የበላሁት አልጣመኝም። ልጁ ምን ያድርግ፤ የነገረው ሰው የለም። መድረክ ላይ የተነገረው ሁሉ በአማርኛ፣ ያውም በረጅሙ አማርኛ ነበር።

ከሌላ ስቴት ለመጣችሁ ልንገራችሁ። በሜሪላንድ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪ ከሁለተኛ ደረጃ ለመመረቅ 75 ሰዓት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ይጠበቅበታል። ይህን በስቴት ደረጃ ግዴታ በማድረግ ሜሪላንድ የመጀመሪያዋ ናት፤ በዚህ ደንብ የተመረቁት የመጀመሪያዎቹ የ1997 ተመራቂዎች ናቸው። አገልግሎቱ ሦስት ክፍል አለው፤ ዝግጅት፣ ሥራው ራሱ፣ ከዚያም የሠሩትን መለስ ብሎ ማሰብ። እኛ የመካከለኛውን ወስደን ፊርማ እንሰጥ ነበር።

እኔ ነርስነትን የተማርኩት በሰው አገር ነው። ለልምምድ በገባሁ ጊዜ አልጋ አንጥፊ፣ ሰሃን አንሺ ተባልኩ፤ አልጋው ላይ የተኛችው ሴት ሕመሟ ምን እንደሆነ የነገረኝ አልነበረም። በኋላ አንዲት የዕድሜ ባለጸጋ ነርስ ፋይሉን ከፍታ “መጀመሪያ አንብቢ” አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ያነጠፍኩት ያንኑ አልጋ ነው፤ አነጣጠፌ ግን ያው አልነበረም።

ስለዚህ ዘንድሮ ተማሪዎቹን ሁለት ቅዳሜ ሰበሰብኳቸው። ገንዘቡ የሚውልበትን የእናቶች ማቆያ በፎቶ አሳየኋቸው። ነፍሰ ጡሯ ቀኗ ሲቃረብ ከገጠር መጥታ ጤና ጣቢያው አጠገብ የምትቆይበት ቤት እንደሆነ፣ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስና ማብሰያ እንደሚያስፈልገው ነገርኳቸው። አንዷ “አምቡላንስ ለምን አይጠሩም?” አለች። ከጉና ሥር ያለው መንገድ ክረምት ላይ ምን እንደሚመስል፣ ሰው በቃሬዛ እንዴት እንደሚወሰድ፣ ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም በሰዓታት ውስጥ እንደሚገድል አስረዳኋት። ዝም አለች። በራቱ ምሽት ይህችው ልጅ በተሰባበረ አማርኛዋ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ እየዞረች ስታስረዳ፣ አንድ ነባር አባላችን “እኔም ገና ዛሬ ገባኝ” አሉ። ስም አልጠራም፤ እዚሁ ተቀምጠዋል።

ሌላው ልጅ ደረሰኝ ሲጽፍ ቆየና “150 ዶላር ለገሱ ይላል፤ ግን ራት በልተዋል አይደል?” አለኝ። እውነቱን ነው። በአሜሪካ የግብር ሕግ አንድ እንግዳ ከ75 ዶላር በላይ ከፍሎ በምላሹ ራት ከተጋበዘ፣ የራቱ ግምት ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ልናሳውቀው ይገባል፤ እንደ ልገሳ የሚያዝለት ከዚያ በላይ ያለው ነው። የእኛ ደረሰኝ ይህን አይልም ነበር። ሒሳብ ያዣችን ወዲያው አስተካክለውታል።

የሎተሪው ገንዘብ ሲቆጠር አንድ አዋቂና አንድ ተማሪ አብረው ቆጥረው አብረው እንዲፈርሙ ማድረጌ ግን ቅሬታ አስነሥቷል። “ልጅ ገንዘብ አይነካም” ያላችሁኝ አላችሁ። ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይህን የምንባባለው የደብረ ታቦር ልጆች ነን። ወንድሞቻችን ለቡሄ ሆያ ሆዬ ሲጨፍሩ ሙልሙሉንም ሳንቲሙንም የሚይዘው ማን ነበር? ከመካከላቸው አንዱ ልጅ አልነበር? ካጎደለም ጉዱ ይፈላ ነበር! እኛም ሴቶቹ በአበባየሆሽ ያገኘነውን ራሳችን ተካፍለናል። እዚህ አገር ሲደርሱ ነው እንዴ ልጆች የማይታመኑት?

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር ብወርድ ይቆጨኛል። ከምሽቱ በኋላ አንድ ወላጅ ደውለው “እህቴ፣ ልጄ ሊመረቅ ነው፤ ስድስቱን ሰዓት አሥር ብትይለት ምን አለበት?” አሉኝ። በቅንነት እንደሆነ አውቃለሁ፤ የስንቶቻችሁን ልጅ ነው እንደ ልጄ የማየው። ግን ያልሰጠሁትን መድኃኒት ሰጠሁ ብዬ ፈርሜ አላውቅም፤ ያልተሠራ ሰዓትም አልፈርምም። ልጁ የሚያየው ማኅበሩን ነው። ዛሬ በእሱ ፎርም ላይ የዋሸ ማኅበር፣ ነገ ስለ ፍራሹ ዋጋ ሲነግረው እንዴት ይመነው? አራቱ ሰዓት ከተፈለገ ሥራ አለ፤ የለጋሾቹ የምስጋና ደብዳቤ ገና አልተላከም። ልጁ መጥቶ እየሠራው ነው፤ እናትየውም አልተቀየሙኝም፤ ምናልባት ትንሽ።

ከሥራ አመራሩ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ለሚመጣው የራት ምሽት ኮሚቴ ውስጥ ሁለት ተማሪዎች ይግቡ፤ ሻይ ለማቅረብ ሳይሆን ድምፅ ኖሯቸው። የመድረኩም ንግግር ይጠር፤ ፍሬ ነገሩም ለልጆቹ በእንግሊዝኛ ይነገር።

ፎርም ያልተፈረመላችሁ ከምሳ በኋላ በሩ አጠገብ አለሁ። ወላጆች፣ እባካችሁ ፎርሙን ልጁ ራሱ ይዞት ይምጣ፤ ምን እንደሠራ እጠይቀዋለሁ።