ከፓምፑ አጠገብ ማን ነበር? የኤክሞ ነርስነት ታሪክ



ሰብሳቢያችን 45 ደቂቃ ሰጥተውኛል። የተጠራሁት ጉዳዩን ለብዙ ዓመታት ስለተከታተልኩት ነው፤ ችግሩም እሱ ነው፤ ከጀመርኩ ማቆም አይሆንልኝም። ስለዚህ ሰዓቱ ሲያልቅ ይሉኝታ ሳይዝዎ ያስቁሙኝ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብዙዎቻችሁ ነርሶች ናችሁ፤ ለሌሎቻችሁ ግን ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ኤክሞ ልቡ ወይም ሳንባው፣ አንዳንዴም ሁለቱም፣ የደከመበትን ሰው ደም በወፍራም ቱቦ እያወጣ፣ በሰው ሠራሽ ሳንባ አሳልፎ ኦክስጅን እየሰጠና ካርቦን ዳይኦክሳይዱን እያስወገደ፣ በፓምፕ ወደ ሰውነቱ የሚመልስ መሣሪያ ነው። በሽታውን አያክምም። የታመመው አካል እስኪያገግም ድረስ በሽተኛውን ያቆያል፣ ያ ብቻ ነው። በቀዶ ሕክምና ክፍል ያለው የልብና የሳንባ ማሽን የሚሠራው ለሰዓታት ነው፤ ኤክሞ ግን ለቀናት፣ ለሳምንታት። ይህን ልዩነት ያዙልኝ። ለሰዓታት የሚሠራ ማሽን አንድ ባለሙያ ከአጠገቡ ሳይነሳ ይጨርሰዋል። ለሳምንታት የሚሠራው ግን ቀንም ሌሊትም ተረኛ እየተቀያየረ የሚጠብቀው ይፈልጋል። የዛሬ ነገሬ ያ ጠባቂ ማን ነበር የሚለው ነው።

የመጀመሪያውን ዘመን ታውቁታላችሁ፤ በሩጫ ልለፈው። በ1916 ጄይ ማክሊን በጆንስ ሆፕኪንስ ሄፓሪንን አገኘ፤ ያለ እሱ ደም ቱቦ ውስጥ ይረጋል። በ1931 ጆን ጊቦን የተባለ ወጣት ሐኪም ቦስተን ውስጥ፣ የረጋ ደም የሳንባዋን ሥር የዘጋባትን አንዲት ታካሚ በየ15 ደቂቃው የደም ግፊቷንና የልብ ምቷን እየለካ ሲጠብቃት አደረ። ሴትዮዋ አልተረፈችም፤ ይህን ደም ለጊዜው ከሰውነት ውጭ አውጥቶ ኦክስጅን መስጠት ቢቻልስ የሚለው ሐሳብ የመጣለት ግን በዚያ ሌሊት ነው። መጻሕፍቱ ከዚህ ተነሥተው ወደ ፈጠራው ይሮጣሉ። እኔ ግን አንድ ነገር ላስታውሳችሁ፦ ጊቦን ያን ሌሊት የሠራው የነርስ ሥራ ነው። ከባለቤቱ ከሜሪ ጋር ዓመታት ከደከሙበት በኋላ፣ በ1953 ፊላደልፊያ ውስጥ የአንዲት የ18 ዓመት ወጣት ልብና ሳንባ ሥራ ለ26 ደቂቃ በማሽኑ ተተክቶ ቀዶ ሕክምናው ተሳካ።

ማሽኑ እንዲህ ተሠራ፤ ወደ ጠባቂው ስንመለስ፣ በ1952 በኮፐንሃገን ፖሊዮ ሲዛመት፣ በሐኪሙ በቢዮርን ኢብሰን ምክር ወደ 1,500 የሕክምና ተማሪዎች ተራ እየገቡ በሽተኞችን በእጃቸው አስተነፈሱ፤ የጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚባለውም ከዚያ ወዲህ ቅርጽ ያዘ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በካንሳስ ሲቲና በፊላደልፊያ ለልብ ሕሙማን ልዩ ክፍል ተከፈተ። በፊላደልፊያው ሮዝ ፒኔዮ የምትባል ነርስ ከሐኪሙ ከሎውረንስ ሜልትዘር ጋር ሆና፣ ነርስ የልብ ምት መዛባትን ራሷ ለይታ፣ ሐኪም ሳትጠብቅ በኤሌክትሪክ እንድታርም የሚያስችል አሠራር ዘረጋች። ይህ ትልቅ ለውጥ ነበር። በ1971 ደግሞ ሐኪሙ ዶናልድ ሂል ካሊፎርኒያ ውስጥ በአደጋ የተጎዳ የ24 ዓመት ወጣትን ለ75 ሰዓት በሰው ሠራሽ ሳንባ አቆየው፤ ወጣቱም ዳነ።

እስካሁን ያልኩት ባጭሩ፦ ሄፓሪን ተገኘ፣ ማሽኑ ተሠራ፣ ነርሷም ራሷ የመወሰን ፈቃድ አገኘች። አሁን ራሴ መዝገብ ወዳገላበጥኩበት ዘመን ልግባ፤ ከ1975 እስከ 1989።

በ1975 ሮበርት ባርትሌት ካሊፎርኒያ፣ ኦሬንጅ ካውንቲ ውስጥ፣ እናቷ ትታት የሄደች፣ የመጀመሪያ ዓይነ ምድሯ ወደ ሳንባዋ የገባባትን አራስ በኤክሞ አተረፈ። ስሟን ኤስፔራንዛ ብለው ያወጡላት ነርሶቹ ናቸው። ታሪኩን የሚጽፍ ሁሉ ይህችን ነገር እንደ ማጣፈጫ ጣል ያደርጋትና ያልፋል። ስም ያወጡት እነማን ናቸው? ከአጠገቧ ያልተለዩት! በመዝገብ ያልተጻፈ የሥራ ድርሻ አንዳንዴ እንዲህ ባለ ትንሽ ነገር ይጋለጣል።

ከአራት ዓመት በኋላ ግን ዱብ ዕዳ መጣ። በአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር ተቋም ድጋፍ በ9 ሆስፒታሎች የተካሄደው የአዋቂዎች ጥናት በ1979 ታተመ። 90 በሽተኞች፤ በኤክሞ ከታከሙት 42ቱ የተረፉት 4፣ በተለመደው መንገድ ከታከሙት 48ቱ የተረፉትም 4። ለአዋቂዎች ኤክሞ አበቃለት ተባለ፤ ብዙ ሆስፒታሎችም ማሽኑን ሸፍነው ዕቃ ግምጃ ቤት አስገቡት። ይሁን እንጂ በዚያው ዘመን፣ በዚያው ዓይነት ሮለር ፓምፕና በዚያው ዓይነት የሲሊኮን ሳንባ፣ አራስ ሕፃናት እየዳኑ ነበር። ለምን?

እዚህ ላይ ነው ከሌሎች የታሪክ ጸሐፊዎች ጋር የምንለያየው። ሦስት ወገኖች አሉ። የመጀመሪያዎቹ የመሣሪያው ወገኖች ናቸው፤ ሰው ሠራሹ ሳንባ እየተሻሻለ ስለሄደ ሕክምናው ተሳካ ይላሉ። ይህ ለ2000ዎቹ ይሠራ ይሆናል፤ ለ1980ዎቹ ግን አይሠራም። የከሸፈውም የተሳካውም በአንድ ዓይነት መሣሪያ ነው አልኳችሁ።

ሁለተኛዎቹ የሕመሙ ወገኖች ናቸው፤ እነዚህን አከብራቸዋለሁ። የአራስ ሳንባ ችግር ብዙውን ጊዜ በቀናት ውስጥ የሚለቅ ነው፣ የአዋቂው ሳንባ ግን በ1970ዎቹ በመተንፈሻ ማሽኑ ከፍተኛ ግፊት ጭምር ይጎዳ ነበር ይላሉ። ለዚህም የጣሊያኑን የሉቺያኖ ጋቲኖኒን የ1986 ሥራ ይጠቅሳሉ፤ ሳንባውን እያሳረፈ ካከማቸው 43 በሽተኞች ግማሽ ያህሉ ተርፈዋል። እውነት ነው፤ አልክድም። ነገር ግን እነዚያ ጥቂት ቀናት እንዴት ታለፉ? ሄፓሪን የተሰጠው አራስ አንጎሉ ውስጥ ሊደማ ይችላል፤ ሄፓሪኑ ሲያንስ ደግሞ ቱቦው ውስጥ ደም ይረጋል። በሁለቱ መካከል ያለውን ጠባብ መንገድ ለመጠበቅ ደሙ የሚረጋበት ጊዜ በየሰዓቱ ገደማ ከአልጋው አጠገብ ይለካል። የሚለካው ማን ነው? ቁጥሩን አይቶ ጠብታውን ከፍ ዝቅ የሚያደርገውስ?

የ1979ኙን ጥናት እስቲ በዚህ ዓይን እዩት። 42 በሽተኛ ለ9 ሆስፒታል ሲካፈል ለአንዱ 5 እንኳ አይደርስም። ጥናቱ ደግሞ ዓመታት የፈጀ ነው። እዚያ ያሉ ነርሶች እጃቸው ሳይፍታታ ጥናቱ አለቀ። አራሶቹን ያከሙት ቡድኖች ግን ተራ በተራ እየተቀመጡ፣ ሕፃን በሕፃን ላይ እየተማሩ ሄዱ።

ይህን ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ኤክሞ ላይ እኔን ያሠለጠነችኝ ሲስተር ተራዋ እንደገባ መጀመሪያ የምታደርገው የክፍሉን መብራት ቀንሳ የእጅ ባትሪዋን ማውጣት ነበር። ደም ሥሩ ውስጥ ከገባው ካኑላ ጀምራ ቱቦውን ጣት በጣት እየተከተለች፣ መጋጠሚያ ላይ ስትደርስ ቆም ብላ ከሥሩ ታበራበታለች። የረጋ ደም ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታያል፤ ደም ሲረጋ የሚሠራው ፋይብሪን ደግሞ እንደ ነጭ ክር። ያየችውን ቦታና መጠኑን ጽፋ፣ ቆይታ ተመልሳ አድጎ እንደሆነ ታያለች። ሌላም ነገር ነበራት። ደም የሚያወጣው ቱቦ መንቀጥቀጥ ሲጀምር አዲስ ሠልጣኝ የሚያደርገው የፓምፑን ፍጥነት መጨመር ነው፤ ፍሰቱ ወርዷላ! እሷ ግን እጇን ቱቦው ላይ አሳርፋ፣ ፍጥነቱን ቀነስ ታደርግና በሽተኛውን ታያለች፤ አስሎ ነው? ፈሳሽ አንሶት ነው? ቱቦው ታጥፎ ነው? ፍጥነት ሲጨመርበት የደም ሥሩ ቱቦው ላይ ይበልጥ ይጣበቃል። ይህ እውቀት በየትኛውም የሐኪሞች የሕይወት ታሪክ ውስጥ የለም። በርክክብ ሰዓት ከአፍ ወደ አፍ ያለፈ ነው።

ለእናቴ በስልክ ሥራዬን ሳስረዳት «ማሽን እጠብቃለሁ» ብያት፣ ለዕድርተኞቿ ልጄ አሜሪካ ዘበኛ ሆነች ብላ ነግራ ነበር። ሳቁ፤ እኔም ስቄያለሁ። ግን ከብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች የተሻለ የገባት እሷ ሳትሆን አትቀርም!

እግረ መንገዴን አንድ ቅሬታ ልናገር። በ1980ዎቹ ኤክሞ ይሠራ የነበረ አንድ ሆስፒታል፣ ስሙ ይቅርና፣ የነርሶቹን የየሰዓቱን መከታተያ ቅጽ ለጥናት ጠይቄ ነበር። የተሰጠኝ መልስ፣ የቀዶ ሕክምናው ማስታወሻ አለ፣ የነርሶቹ ቅጽ ግን ጊዜው ሲያልፍ ተወግዷል የሚል ነው። ፍሰቱ፣ ግፊቱ፣ የሄፓሪኑ መጠን፣ የታየው የረጋ ደም፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የተወሰነው ውሳኔ፣ ሁሉም የነበረው እዚያ ላይ ነው። መጀመሪያ ወረቀቱን ይጥሉታል፤ ከዚያ የታሪክ ጸሐፊው መጥቶ «ስለ ነርሶቹ ሰነድ አላገኘሁም» ብሎ ይጽፋል። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይኼ ነው። ጋዜጣ ላይ የሚወጣውንም ፎቶ ታውቁታላችሁ፤ ሐኪሙ፣ ማሽኑ፣ የዳነው ሕፃን። ያቺ የሌሊት ተረኛ ፎቶው ሲነሳ ቤቷ ተኝታለች።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ሦስተኛዎቹ የጥናቱ ወገኖች ናቸው። ለእነሱ ታሪኩ የስታቲስቲክስ ታሪክ ነው። በ1985 ባርትሌት ሚሺጋን ሆኖ ያሳተመው ጥናት፣ የተሳካለት ሕክምና ቀጣዩን ዕጣ የማግኘት ዕድሉ እንዲጨምር ተደርጎ የተነደፈ ነበር። በኤክሞ የታከሙት 11ዱ ሕፃናት ሁሉም ተረፉ፤ በተለመደው ሕክምና የታከመው አንዱ ሕፃን ሞተ። በአንድ ሕፃን ምን ይረጋገጣል ተብሎ ብዙ ቀለም ፈሰሰ። ቀጥሎ የቦስተኑ ጥናት መጣ፤ በመጀመሪያው ዙር በተለመደው ሕክምና ከ10ሩ 6ቱ፣ በኤክሞ 9ኙም ተረፉ፤ ከዚያ በኋላ በኤክሞ ከታከሙት 20 ሕፃናት 19ኙ ተረፉ። የጥናቱ የስታቲስቲክስ ሊቅ ጄምስ ዌር በ1989 ጉዳዩን ለውይይት ሲያቀርብ ባልደረቦቹ ተከራከሩበት፤ ፈቃድ የተጠየቁት ኤክሞ የደረሳቸው ሕፃናት ወላጆች ብቻ መሆናቸውም አነጋገረ። መነጋገሩ ተገቢ ነው። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ያን ሁሉ ገጽ የሞላው ክርክር ዕጣው እንዴት ወጣ ይላል፤ ዕጣው ከወጣ በኋላ ከሕፃኑ ጋር ማን አደረ የሚል ግን አላነበብኩም። ውጤቱ የሕክምና ውጤት ከሆነ፣ ሕክምናው የተሰጠው በማን እጅ ነው?

በዚያው በ1989 ኤልሶ የተባለው ዓለም አቀፍ የኤክሞ ማኅበር ተመሠረተ። መመሪያው የኤክሞ ስፔሻሊስት የሚባለውን ባለሙያ ሥራ ይገልጻል፤ በሐኪም መሪነት ማሽኑንም በሽተኛውንም የሚከታተል፣ ከነርሶች፣ ከመተንፈሻ ሕክምና ባለሙያዎች ወይም የልብና የሳንባ ማሽን ከሚያንቀሳቅሱት ከፐርፊዩዥኒስቶች መካከል የሚሠለጥን። ለእኔ ይህ አዲስ ሙያ የተፈጠረበት ቀን አይደለም፤ ሲሠራ የኖረ ሙያ በወረቀት የታወቀበት ነው።

እንግዲህ እስካሁን ያልነውን ሰብሰብ እናድርገው። ጊቦን አንድ ሌሊት ሙሉ በሽተኛ ጠበቀ፤ ማሽኑ ከዚያ ተወለደ። በኮፐንሃገን እጅ ማሽንን ተካ። በፊላደልፊያ ነርሷ ሐኪም ሳትጠብቅ እንድትሠራ ተፈቀደላት። ማሽኑ ለቀናት መሥራት ሲጀምር ኤስፔራንዛ ዳነች፤ ስሟንም ነርሶች አወጡ። የ1979 ጥናት ልምድ በየሆስፒታሉ በተበታተነበት ወደቀ፤ የአራሶቹ ሕክምና ልምድ በተከማቸበት ቆመ። መሣሪያው አንድ ስለነበር የመሣሪያው ወገኖች አልተረታንም ቢሉ አልሰማቸውም። የሕመሙ ወገኖች ግማሽ እውነት ይዘዋል። የጥናቱ ወገኖች ቁጥሩን ይዘው ሰውን ረስተዋል። የባትሪዋን ሲስተርም አትርሱብኝ፤ ቅጹ መጣሉንም እንዲሁ።

ሰብሳቢያችን ሰዓታቸውን እያሳዩኝ ነው። አምስት ደቂቃ? ሦስት? እሺ፤ ሠላሳ ዓመቱን በሦስት ደቂቃ።

በ1996 የእንግሊዝ ጥናት የአራሶቹን ክርክር ዘጋው፤ በኤክሞ ከ93ቱ የሞቱት 30፣ ያለ ኤክሞ ከ92ቱ 54። ስቶክሆልም ካሮሊንስካ ውስጥ በሽተኞችን በመድኃኒት ሳያስተኙ፣ ነቅተው እያሉ ማከም ተለመደ፤ ይህ ለነርስ ምን ማለት እንደሆነ ራሱን የቻለ ንግግር ነው፣ ይቅር። ሴንትሪፉጋል ፓምፕና አዲሱ ሰው ሠራሽ ሳንባ ሲመጡ ሥራው ስለቀለለ ብዙ ሆስፒታሎች ሁለት የነበሩትን ጠባቂዎች፣ የበሽተኛውን ነርስና የፓምፑን፣ ወደ አንድ አወረዱ፤ በዚህ ላይ የምለው ብዙ ነበር። በ2009 የታተመው የእንግሊዝ የአዋቂዎች ጥናት ዕጣ የደረሳቸውን በሽተኞች ሌስተር ወዳለው የኤክሞ ክፍል ላካቸው፤ ከስድስት ወር በኋላ ያለ ከባድ ጉዳት የተረፉት 63 በመቶ፣ ካልተላኩት 47 በመቶ። ከተላኩት 90ዎቹ ኤክሞ ላይ የገቡት 68 ብቻ ስለሆኑ ተቺዎች «ያዳናቸው ማሽኑ ሳይሆን ክፍሉ ነው» አሉ። እኔም እኮ የምለው ይህንኑ ነው! በ2018 የፈረንሳዮቹ መሪነት የነበረበት ጥናት በኤክሞ የታየውን 35 በመቶ ሞት በተለመደው ሕክምና ከታየው 46 በመቶ ጋር አነጻጽሮ፣ ልዩነቱ በስታቲስቲክስ መለኪያ ሳይረጋገጥ ቀረ። በኮቪድ ጊዜ ከ36 አገሮች የተሰበሰበው የኤልሶ መዝገብ 1,035 በሽተኞችን ይዞ በ90 ቀን የሞት መጠኑ 37 በመቶ ገደማ መሆኑን ገመተ።

አበቃሁ፤ አንድ ነገር ብቻ። እዚህ ካላችሁት ኤክሞ ላይ የምትሠሩ አላችሁ። የምትሞሉት ቅጽ በየተቋማችሁ ስንት ዓመት እንደሚቀመጥ ሰኞ ጠይቁ። አጭር ከሆነ፣ የበሽተኛው ስም ተነሥቶለት ለጥናት እንዲቆይ በጽሑፍ አመልክቱ። ያ ካልሆነ በ2050 አንድ ሰው እዚህ ቆሞ ስለ ኮቪድ ዘመን ሲናገር ማሽኑን፣ ሐኪሙንና መቶኛውን ብቻ ይነግራችኋል፤ ሰነድ የለኝም ሲልም ልትወቅሱት አትችሉም። ጥያቄ ካለ ለመመለስ ዝግጁ ነኝ፤ ሰብሳቢያችን ከፈቀዱልኝ።