532 ከምን ከምን እንደ ተሠራ
ስለ ቍጥር ትምህርት ለመምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተነገረ

በሐዋሳ ከተማና በዙሪያዋ ሁለት ዐይነት ሳምንት ይቈጠራል። አንደኛው ከእሑድ እስከ ቅዳሜ ያለው የሰባት ቀን ሳምንት ነው። ሁለተኛው የሲዳማ አባቶች ከጥንት የያዙት የአራት ቀን ሳምንት ነው፤ ቀኖቹም ዲኮ፥ ዴላ፥ ቃዋዶ፥ ቃዋላንካ ይባላሉ። ሰኞና ዲኮ ዛሬ አብረው ቢውሉ ዳግመኛ የሚገናኙት ከ28 ቀን በኋላ ነው፤ ለ4ም ለ7ም ሲካፈል ትርፍ የሌለው ትንሹ ቍጥር 28 ነውና። የሲዳማ ወርም 28 ቀን ነው።

ይኸው 28 በባሕረ ሐሳብም ይገኛል፤ በዚያ ግን የሚቈጠረው ዓመት ነው። መስከረም 1 የሚውልበት ዕለት በየዓመቱ አንድ ቀን ወደ ፊት ይሄዳል፤ ከዘመነ ሉቃስ በኋላ ግን ጳጉሜን 6 ስለምትኾን ሁለት ቀን ይሄዳል። ስለዚህ ዕለቱና ወንጌላዊው አብረው ወደ ቀድሞ ተራቸው የሚመለሱት በ28 ዓመት ነው፤ ይህም ዓውደ ፀሐይ ይባላል። ጨረቃ ደግሞ የአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ልዩነት ብቻ ሲቀር በ19 ዓመት ወደ ቀድሞ ቀንዋ ትመለሳለች፤ ይህም ዓውደ አበቅቴ ነው።

19ን ከ1ና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው ቍጥር የለም፤ ከ28 ጋራም ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የለውም። ስለዚህ ሁለቱ ተባዝተው 532 ይኾናሉ። ይህ ዓውደ ቀመር ነው፤ ፋሲካ ዙሩን የሚፈጽመው በርሱ ነው። በ2018 ዓ. ም. ፋሲካ ሚያዝያ 4 ቀን ውሏል፤ ከዚያ 532 ዓመት አስቀድሞ፥ በዓፄ እስክንድር ዘመን መጨረሻ በ1486 ዓ. ም. እንዲሁ ሚያዝያ 4 ነበረ።

ነገር ግን ማባዛት ብቻ አይበቃም። 19 በ4 ተባዝቶ 76 የኾነው ዓውደ ማኅተም አለ። 76ና 28 የሚገናኙበትን የሚሻ ተማሪ ሁለቱን ቢያባዛ 2128 ያገኛል፤ ይህም ከሚፈለገው አራት እጥፍ ነው። 4 በሁለቱም ውስጥ ስላለ አንድ ጊዜ ብቻ ይቈጠራል፤ 4 በ7፥ ያም በ19 ቢባዛ መልሱ ያው 532 ነው።

ይህን ሕግ በቃል ብቻ ያጠና ልጅ ከፈተና በኋላ ይረሳዋል። ከዚህም የሚከፋው፥ የትምህርት ቤቱ ሒሳብ ሌላ፥ የአባቱ ቈጠራ ሌላ መስሎት ያባቱን መናቁ ነው። የተናቀ ዕውቀት ተቀባይ ያጣል፤ ባለቤቱም ሲሞት አብሮ ይቀበራል። ስለዚህ መምህሩ ከዋክብትን አይተው የፍቼን ዕለት የሚለዩትን አያንቶና ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁትን መሪጌታ ወደ ትምህርት ቤቱ ቢጋብዝ፥ ሽማግሎቹም እሺ ብለው ቢመጡ መልካም ነው። ልጆቹም የሰሙትን ቍጥር በሰሌዳ ላይ ያካፍሉ፤ ያን ጊዜ የአባቶች ዕውቀት በልጆች እጅ ይጻፋል።