ጣት አልታጠፍ ሲል ስለሚያስፈልግ የሊጥ ማሻ መኪና
(በጁባ ለሚኖሩ ወገኖች የተዘጋጀ ንግግር)



በጁባ ከተማ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በበዓል ቀን ድፎው ወይም ሕምባሻው ከቤት እንዳይጠፋ ይደክማሉ። ዳሩ ግን ዕድሜ ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ጣትን ባደረቀ ጊዜ፣ ከመጋገሩ ይልቅ የሚከብደው ሊጡን ማሸት ነው።

ኪችንኤድ የተባለው የቤት መኪና በ1919 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በአሜሪካ ከተሠራ ወዲህ ይህ ድካም ቀልሏል። ሆኖም መኪና ሁሉ ለደረቀ እጅ አይስማማም። አንዱ ዓይነት ሞተሩን የያዘውን ከባድ ራስ በእጅ ማንሣትን ይጠይቃል፤ ሌላው ግን ራሱ ሳይነቃነቅ ሳሕኑ በዘንግ ከፍና ዝቅ ይላል። ሳሕኑን ከነሊጡ መሸከም አይቀርምና ሰፊ እጄታ ያለው ይመረጥ። ገዢውም መቆለፊያውን በገዛ እጁ ከፍቶ ይፈትነው፤ በሻጩ እጅ ሁሉም ቀላል ነው! ክብደቱም ከ10 ኪሎ ሊበልጥ ስለሚችል፣ በየጊዜው እንዳይነሣ በጠረጴዛ ላይ ቋሚ ስፍራ ይሰጠው።

በጁባ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነበበው በመኪናው ላይ የተጻፈው የቮልት ቍጥር ነው። የአገሩ ኤሌክትሪክ 230 ቮልት ስለ ሆነ፣ ዘመድ ከአሜሪካ የላከው የ120 ቮልት መኪና በቀጥታ ቢሰካ ይቃጠላል።

መብራት የጠፋ እንደ ሆነ ግን እርሾውን አሳንሶ፣ ሊጡን ቀጠን አድርጎ ማሳደር ብዙውን ማሸት ያስቀራል፤ የጁባ ሙቀት ሊጡን ፈጥኖ ስለሚያነሣው ጋጋሪዋ ማልዳ መነሣት ይኖርባታል።