«ኮሌራ ያመጡብን አዲስ ገቢዎች ናቸው» ስለሚባለው

በቀደም ዕለት በቦኖው ሰልፍ ላይ አንዲት እናት፣ «ኮሌራ ይዘውብን የሚመጡት አዲስ ገቢዎቹ ናቸው፤ በጥናት ተረጋግጧል» ሲሉ ሰማሁ። ከኋላቸው የነበረች፣ በቅርቡ የገባች ልጅ ባዶ ጀሪካኗን አንስታ ከሰልፉ ወጣች። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያ ጥናት ነው።

ጥናቱስ አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 ኬንያ፣ ካኩማ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ኮሌራ ገብቶ 418 ሰዎች ታከሙ፤ 4 ሰዎች ሞቱ። አጥኚዎቹ የታመሙትን ብቻ ጠይቀው አልተመለሱም። የታመሙት ሁሉ ሻይ ጠጪዎች ናቸው ቢባል ምን ይጠቅማል? ያልታመመውም ሻይ ይጠጣል። ስለዚህ ያልታመሙትንም ጠይቀው ሁለቱን አነጻጸሩ።

ከ2004 መጨረሻ ገደማ ወዲህ የገቡት የመታመም ዕድላቸው ከነባሮቹ ከ4 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። እናታችን የሰሙት ይህንን ነው። ነገር ግን ቁጥሩ በሽታው ማንን ይበልጥ እንደጎዳ ይናገራል እንጂ ማን እንዳመጣው አይናገርም። አዲስ ገቢው ምናልባት የሰፈረበት ቦታ ሽንት ቤት አልነበረው ይሆናል፤ ምናልባትም ሰውነቱ በሽታውን ከዚያ በፊት አያውቀው ይሆናል። የተጎዳውን ሰው ጎጂ ማድረግ፣ እውነቴን ነው፣ ያሳዝነኛል።

በዚያው ጥናት ሽንት ቤትን ከሦስትና ከዚያ በላይ ቤተሰብ ጋር የሚጋሩት የመታመም ዕድላቸው እጥፍ ያህል ነበር። የመጠጥ ውኃቸውን በተከደነ ዕቃ የሚያስቀምጡት ደግሞ በግማሽ ያህል ቀነሰላቸው።

«ዕቃውን የሚከድን ሰው በሌላውም ነገር ጥንቁቅ ቢሆንስ?» የሚል አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እንዲህ ያለ ንጽጽር ብቻውን ሙሉ በሙሉ አይመልሰውም። ማላዊ ውስጥ በኒያሚቱቱ የስደተኞች ካምፕ ግን ክዳንና መቅጃ አፍ ያለው ባልዲ ለአንዳንዱ ቤተሰብ በዕጣ ተሰጠ። ዕጣ ጥንቁቁንና ቸልተኛውን አይለይም። በነዚያ ቤቶች ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ተቅማጥ በ31 በመቶ አነሰ። በአጋጣሚ የመጣ ልዩነት ሊሆን የሚችልበት ጠባብ ቀዳዳ አለ፤ ሆኖም የውኃው በዓይነ ምድር መበከልም በ69 በመቶ ቀንሶ ስለተገኘ እኔ ክዳኑን አምነዋለሁ።

ስለዚህ ጀሪካናችሁን ክደኑ፤ እጅ ወይም ኩባያ ውኃው ውስጥ አይግባ። ውኃ የመሰለ ተቅማጥ የጀመረው ሰው፣ ነባርም ይሁን አዲስ፣ ኦ.አር.ኤስ. እየጠጣ ወዲያው ወደ ክሊኒክ ይምጣ፤ ሌሊትም ቢሆን።