ሰልፍ በደጃችን ሲያልፍ

የጌዴኦ ልጆች! ዲላ ላይ ለወጣቶች ያቀረብኩትን ንግግር በቦታው ላልነበራችሁ እነሆ።

ጥያቄው አጭር ነው። ሰልፈኛ በቤቱ አጠገብ ሲያልፍ፣ መሣሪያ ያለው የቤት ባለቤት ወጥቶ ይጋፈጠው ወይ?

አብዛኞቻችሁ «በፍጹም!» ትላላችሁ፤ ሰልፈኛው እኛው ነና። ግን ቆይ ወንድሜ፣ ባለቤቱ አባትህ ቢሆንስ?

የ2009ኙን መስከረም መጨረሻ አንርሳ። ዲላ ላይ በአንድ ይዞታ ክርክር የተሰጠ የፍርድ ውሳኔ ቁጣ ቀሰቀሰ፤ ቁጣው ወደ ወናጎና ይርጋጨፌ ተዛመተ። ሱቅ ተቃጠለ፤ ከሌላ አካባቢ መጥተው አብረውን የኖሩ ሰዎች ተለይተው ተጠቁ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በዚያው ዓመት ለፓርላማ ባቀረበው ሪፖርት በዞናችን 34 ሰው መሞቱን ገልጿል። ስለዚህ በሩ ላይ ቆሞ የሚንቀጠቀጠውን ሰውዬ «ፈሪ» አትበሉት። ፍርሃቱ ከሜዳ አልመጣም።

ሕጉ ግን ፍርሃትንና ጥቃትን ይለያል። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 መሠረት ራስን መከላከል የሚፈቀደው ሕገወጥ ጥቃት ሲደርስ ወይም ሊደርስ ሲል፣ ሌላ መውጫ ሲጠፋ፣ ያውም በተመጣጣኝ መጠን ነው። በደጅህ ማለፍ ጥቃት አይደለም። መፈክርም ጥቃት አይደለም። አጥር ጥሶ መግባት፣ እሳት መለኮስ፣ ሰው ላይ መነሣት፣ ጥቃት ማለት ይሄ ነው።

ደግሞ የሞያሌ መንገድ ከተማችንን መሐል ለመሐል ነው የሚያቋርጣት። ሰልፍ ከወጣ በሰው ደጅ ማለፉ አይቀርም። ባለቤቱ ጠመንጃ ይዞ ብቅ ሲል ከፊት ያለው ሊሸሽ ይፈልጋል፣ ከኋላ ያለው ይገፋዋል፣ አንዱ ድንጋይ ያነሣል። ጥይት ደግሞ ድንጋይ የወረወረውን ከተማሪው አይለይም።

አሜሪካ ሴንት ሉዊስ ላይ በ2012 ሰኔ አንድ ባልና ሚስት በቤታቸው አጠገብ በሚያልፉ ሰልፈኞች ላይ መሣሪያ ደገኑ። ጥይት አልተተኮሰም፤ ሆኖም ክስ ቀርቦባቸው ጥፋታቸውን አመኑ፣ ተቀጡ፣ መሣሪያቸውን አስረከቡ። በኋላ የግዛቱ ገዥ ይቅርታ አደረገላቸው።

ወደ ራሳችን ታሪክ እንምጣ። በ1952 ሚችሌ ላይ ጦር ይዘው የተነሡትን አያቶቻችንን የባለርስቱና የመንግሥት ጠመንጃ ጠበቃቸው። ጠመንጃው ያን ቀን አሸነፈ፤ ጥያቄውን ግን አልገደለውም። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ የባለርስቱ ሥርዓት ፈረሰ።

እና መልሴ ይሄ ነው፦ አይውጣ። በሩን ዘግቶ ቤተሰቡን ይዞ ይቀመጥ፣ ፖሊስ ይጥራ። መሣሪያው የሚነሣው ጥቃቱ እቤቱ ሲገባና ሌላ አማራጭ ሲጠፋ ብቻ ነው።

እኛስ? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 ላይ የሰጠን መብት መሣሪያ ሳንይዝ፣ በሰላም የመሰለፍ ነው። ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ እናሳውቅ። መንገዱን አስቀድመን እንወስን። የሶንጎ ሽማግሌዎች ከዋዜማው ጀምረው ባለቤቶቹን ያነጋግሩልን። በሰልፉ ቀን በየደጁ የኛው አስተባባሪ ይቁም፤ በተለይ ጌዴኦ ባልሆነው ጎረቤታችን ደጅ። ድንጋይ ያነሣውን እዚያው እናስቁመው።

እኔ ዲግሪ ይዤ ሥራ ፈላጊ ነኝ፤ የሚቃጠል ሱቅ የለኝም። ግን ያ ሱቅ ነገ እኔን ወይም አንተን ሊቀጥር የሚችል ነው። ቀጣዩ ሰልፍ ሳይደርስ በሰፈራችሁ ማን የትኛው ደጅ ላይ እንደሚቆም ከአሁኑ ተነጋገሩ።

ላልሰማ አሰሙ፣ ሼር አድርጉት።